ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ለኤርታሌ ጉዞ፦ ምን ልግዛ፣ ምኑን ልተው?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ወር ከአዲስ አበባ ተነስተን በሰመራና በአፍዴራ አድርገን ወደ ኤርታሌ፣ ከዚያም ወደ አሳሌ የጨው ሜዳ ልንሄድ ነው። አምስት ሰው ነን፣ ከአስፋልት ውጭ አራት ቀን እንቆያለን። መኪናው ላንድ ክሩዘር 78 ሃርድ ቶፕ ነው፦ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ከኋላ ባሌስትራ፣ ጎማው 7.50 አር 16 ባለ ከመነዳሪ። ያሰብኩት ዊንች (የሰመጠ መኪና በገመድ የሚጎትት)፣ ሰፋ ያለ ቱብለስ ጎማ (ከመነዳሪ የሌለው)፣ ስኖርከል (ሞተሩ አየር ከላይ የሚስብበት ቱቦ) እና ለውሃም ለነዳጅም የሚሆን ትልቅ ፖርቶመጋላ (የአናት መጫኛ) ነው። ገንዘቤ ለሁሉም አይበቃም። የቱን ላስቀድም? አሸዋ ላይስ የጎማው ነፋስ ስንት ይሁን?

መልስ፣ ከጎሚስታ
ወንድሜ፣ ጎማህን አትቀይር። 7.50 በ16 ብዙ አይሱዙ የጭነት መኪናዎችም የሚያደርጉት ቁጥር ስለሆነ ከመነዳሪው ከአዋሽ እስከ ሰመራ ባሉ ጎሚስታዎች ዘንድ ይገኛል፣ በእጅ መሣሪያም ይፈታል። ሰፊ ቱብለስ ጎኑ ከተቀደደ ግን እዚያ ተለዋጭ አታገኝለትም። ለአዲስ ጎማ ያሰብከውን ገንዘብ ሁለተኛ ስኮርታ፣ ሦስት አዲስ ከመነዳሪ፣ የመለጠፊያ ዕቃ፣ የነፋስ መለኪያና ጥሩ ኮምፕሬሰር ግዛበት። ኮምፕሬሰሩ በቀጥታ ባትሪው ላይ በመቆንጠጫ የሚታሰር ይሁን። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ለዚህ ጎማ አቅም የለውም።

አስፋልት ላይ የሾፌሩ በር አጠገብ የተለጠፈውን ቁጥር ያዝ። አሸዋ ስትገባ ከ1.4 ባር፣ ማለትም ከ20 ፒኤስአይ ጀምር፤ ከያዘህ ወደ 1.2 አውርድ። ከዚያ በታች አትሂድ። ባለ ከመነዳሪ ጎማ ነፋሱ ሲያንስ ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ የነፋስ መሙያው አፍ ደግሞ በቸርኬው ቀዳዳ ተይዞ ስለሚቀር ከሥሩ ይቀደዳል። ያ አይለጠፍም። ቱብለስ ያለው ሰው «እኔ 1.0 አደርገዋለሁ» ቢልህ ለእሱ ልክ ነው፣ ለአንተ አይሆንም። በዚህ ነፋስ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፍ፣ መሪም በድንገት አትጠምዝዝ።

ኤርታሌ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ስትደርስ መልሰህ ወደ 2.0 ባር ሙላ። የለዘበ ጎማ ሆዱ ወደ ጎን ይወጣል፣ ድንጋዩም እንደ ምላጭ ይሰነጥቀዋል። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካ። ቀትር ላይ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር ቢጨምር ጤና ነው፣ እንዳታስተነፍሰው። አስፋልት ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ሙሉውን ሙላ፤ በለዘበ ጎማ 80 መንዳት በሙቀት ያፈነዳዋል።

አንድ ነገር አደራ። ቸርኬህ ጎማውን በሚነቀል የብረት ቀለበት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ፣ ቀለበቱን ከመንካትህ በፊት የነፋስ መሙያውን ልብ ፈትተህ ነፋሱ ጨርሶ መውጣቱን አረጋግጥ። ስትሞላም በቀለበቱ በኩል ማንም አይቁም፣ ሰንሰለት ወይም ወፍራም ገመድ ጠምጥምበት። የተወረወረ ቀለበት ሰው ይገድላል።

መልስ፣ ከጭነት አሳቢ
ፖርቶመጋላውን ከመግዛትህ በፊት ክብደቱን እናስላ። በዚያ ሙቀት ለአንድ ሰው በቀን 6 ሊትር ውሃ ብንይዝ ለአምስት ሰው በአራት ቀን 120 ሊትር ነው። ለአንድ ተጨማሪ ቀን 30፣ ለመኪናው 20 ስትጨምርበት 170 ሊትር፣ ማለትም 170 ኪሎ ይሆናል። ይህን አናት ላይ ከጫንክ፣ ሃርድ ቶፕ ራሱ ቁመታም ስለሆነ አሸዋ ተረተር ላይ ጎን ሲሰጥ ይገለበጣል። ውሃውን በ20 ሊትር ጀሪካን አድርገህ ከኋላ አክሱሉ ፊት ለፊት፣ ወለሉ ላይ በማሰሪያ እሰር። ላይ የሚወጣው ድንኳን፣ ፍራሽና የአሸዋ ብረት ብቻ ይሁን። ጠቅላላ ክብደቱንም ሊብሬህ ላይ ካለው አትለፍ።

ነዳጅ፦ ሁለት ታንከር ካለው 180 ሊትር ይይዛል። ይህ ሞተር አስፋልት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ገደማ፣ አሸዋ ላይ በከባድ ማርሽ 20 እና ከዚያም በላይ ይጠጣል። ሰመራ ላይ ሁለቱንም ሞልተህ አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን መጠባበቂያ ከያዝክ ይበቃሃል። ጀሪካኑን እስከ አፉ አትሙላው፣ ናፍጣ ሲሞቅ ይነፋል።

ስኖርከሉ ይቆይ፤ በጥር እዚያ የምትሻገረው ወንዝ የለም። በእሱ ፈንታ ሁለት አዲስ የአየር ፊልትሮ ያዝ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የሚባለው የአፋር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ አፍዴራን አልብሷት ነበር። የእሳተ ገሞራ አመድ ደቃቅ መስታወት ነው፣ ሲሊንደር ይፍቃል። ፊልትሮውን በየማታው አውጥተህ በቀስታ አራግፍ፣ ነፋስ የምትነፋውም ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ነው። ወረቀት ፊልትሮ በውሃ አይታጠብም።

ጥያቄ (ተጨማሪ)
በጣም አመሰግናለሁ። ዊንቹንስ? ከባሌስትራው ላይስ አንድ ቅጠል ልጨምር?

መልስ፣ ከአሸዋ ነጂ
ዊንች የሚታሰርበት ነገር ይፈልጋል። ጨው ሜዳ ላይ ዛፍ የለም፣ ስኮርታ ቀብረህ ልታስርበት ደግሞ ግማሽ ቀን ትቆፍራለህ። ከዊንች የሚበልጠው ሁለተኛ መኪና ነው፣ ብቻህን አትግባ። መንገዱን የሚያውቅ የአፋር መሪም ያስፈልግሃል።

የምትይዘው፦ ሁለት አካፋ፣ አራት የአሸዋ ብረት (ቀዳዳ ያለው ወፍራም ላሜራ ብረት ሠሪ ዘንድ ይቆረጣል)፣ ለክሪኩ መቆሚያ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 4 ሴንቲ ጣውላ፣ የሚለጠጥ 9 ሜትር መጎተቻ ገመድና ገመዱን ከመኪናው የሚያያይዙ ሁለት የብረት ቀለበቶች። ያለ ጣውላ ክሪኩ ራሱ ይሰምጣል። ገመዱን ተጎታች መኪና የሚታሰርበት ኳስ ላይ ፈጽሞ አታስር፤ ተቆርጦ እንደ ጥይት ይወረወራል። ገመዱ መሃል ላይ ብርድ ልብስ ጣልበት፣ ሰውን ሁሉ አርቅ።

መኪናው ሲሰምጥ ነዳጅ መርገጥ ሆዱን መሬት ያስነካዋል። ወዲያው አቁም፣ ነፋስ ቀንስ፣ ከአራቱም ጎማ ፊትና ከዲፈረንሻሉ ሥር ቆፍር፣ ከዚያ በመጣህበት ዱካ በኋላ ማርሽ ውጣ። የፊት ጎማ መቆለፊያዎቹንም አሸዋ ከመግባትህ በፊት ቆልፋቸው፤ ከሰመጡ በኋላ እጅ አያስገቡም።

መልስ፣ ከመካኒክ
ባሌስትራው ቀጥ ብሎ ከተኛ ወይም ቅጠል ከተሰነጠቀ ቀይር። ጤነኛ ከሆነ አትጨምርበት፤ ኮረኮንች ላይ እየደነደነ ሻንሲውን ይመታል። ማሰሪያ ዩ ቦልቶቹን ግን አሁን አጥብቅ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና። የሚላላ ማሰሪያ መሃል ቡሎኑን ይቆርጣል፣ አክሱሉም ይሸሻል።

ሞቃት አገር ነው ብለህ ቴርሞስታቱን እንዳታስወጣው። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን ቀዳዳ ይዘጋል። ካወጣኸው ግን ውሃው በከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ይዞራል፣ ጭነት ላይም ይፈላል። ያረጀ ከሆነ በአዲስ ተካው፣ ውሃ ብቻም ሳይሆን ግማሽ በግማሽ ኩላንት ሙላ። የራዲያተሩን ክንፎች ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀላል ውሃ እጠብ። ማኒኮቶ (የራዲያተር ቱቦ) እና ቺንጋ (የሞተር ቀበቶ) አንዳንድ ተለዋጭ፣ ሁለት የናፍጣ ፊልትሮም ያዝ። ፊልትሮ ከቀየርክ በኋላ ላዩ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪደነድን ጫነው፣ አየሩ ይወጣል።

መልስ፣ ከአሳሌ አዋቂ
ጨው ሜዳው ላይ ከዱካ አትውጣ፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብና ዝናብ ከጣለ በኋላ። ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ ጭቃ ነው። ሰመራ እንደተመለስክ በዚያው ቀን ከሥር በንጹሕ ውሃ አሳጥበው፦ የሻንሲውን ውስጥ፣ ፍሬኑን፣ ባሌስትራውን፣ የመብራት ሶኬቶቹን። አስቀድሞ የተቃጠለ ዘይት ከሥር የሚረጩ አሉ፤ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል፣ አቧራም ያጣብቃል። ይልቅ ከመሄድህ በፊት የዝገት መከላከያ አስቀባው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ሁለት ቀን ስጠው።