እሁድም እየሠራን ትርፍ ሰዓት አይከፈለንም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ነው የምሠራው። ሁለት ወር ሙሉ እሁድም ገብተናል። ፔሮል ስፈርም ግን የትርፍ ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አነበብኩት። መደበኛው በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ትርፍ ሰዓት ቢበዛ 12፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ደግሞ ክፍያው እጥፍ ነው ይላል። አለቃዬ «ውሉ ላይ ፈርመሻል» አለኝ። ከሕጉ በታች ብፈርም ይጸናል እንዴ?

በዚያ ብርድ፣ ገና ሳይነጋ፣ የተኛች ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ነው የምወጣው። በጣም ከፍቶኛል።

የመግቢያና መውጫ ፊርማችንን በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ። ማስረጃ ይሆነኛል? የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (በሕግ የጊዜ ገደብ) ስለሚታገድ ቶሎ መጀመር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ የት ልሂድ፤ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወይስ ፍርድ ቤት? የደረሰበት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።