ለልጄ መኪና ከሆነ ለወንድሜ ልጅ ባጃጅ?

እሙ ሐያት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ 16 ሞልቶታል። ከትምህርት ቤት መልስ የምግብ ሸቀጥ መደብር ይሠራል፣ ክረምቱንም ሙሉ ሲሠራ ነው የከረመው። ወደ 4 ሺህ ዶላር አጠራቅሟል። አሁን አሮጌ ኮሮላ ካልገዛሁ ብሎ ይዞኛል። በላቡ ያመጣው ነው፣ አልከለክለውም። ጥያቄዬ ታይትሉ፣ የባለቤትነት ወረቀቱ ማለት ነው፣ በማን ስም ይሁን የሚለው ነው። በእሱ ወይስ በእኔ? ኢንሹራንሱስ?

ሌላው ጣጣ ደግሞ ወሬው ኮምቦልቻ መድረሱ ነው። ልጁ ራሱ ለአያቱ በስልክ ዘረገፈላት። በማግስቱ ወንድሜ ደወለ። የእሱ ልጅ 17 ነው። በግ እያደለበ ለአረፋ እየሸጠ የባጃጅ ግማሹን ይዟል አለኝ። «ላንቺ ልጅ መኪና ከሆነ ለኔ ልጅ ግማሽ ባጃጅ አይከብድሽም።» ምን ልበለው? እስካሁን ስልኩን እየሸሸሁ ነው።

የጦሳ ልጅ (ዲሲ አካባቢ)
እህት እሙ ሐያት፣ እኔ እዚህ አገር ታክሲ ነድቼ ነው ያረጀሁት፣ ከሥሩ ላስረዳሽ። ቨርጂኒያ ላይ ፐርሚት፣ የመለማመጃ ፈቃዱ፣ የሚሰጠው በ15 ዓመት ከ6 ወር ነው። ከዚያ 9 ወር ይዞት መቆየት አለበት። መንጃ ፈቃድ ከ16 ዓመት ከ3 ወር በፊት አይገኝም። ልጁ ፐርሚት ካላወጣ መኪናው ደጅ ቆሞ ባትሪው ነው የሚሞተው። ከትልቅ ሰው ጋር 45 ሰዓት ይነዳል፣ 15ቱ ከመሸ በኋላ ነው። ያንን የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ያልነዳውን ነዳ ብለሽ እንዳትፈርሚ፣ ብዙ ወላጅ እንደዋዛ ነው የሚፈርመው።

ኢንሹራንስ። ድሮ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይቻል ነበር። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። ዝቅተኛው ሽፋንም ከጥር 2025 ወዲህ ከፍ ብሏል። ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ ለአንድ አደጋ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። አብዛኞቹ ድርጅቶች ከ18 በታች ካለ ልጅ ጋር ብቻውን አይዋዋሉም። ስለዚህ አንቺ ያለሽ ላይ አስጨምሪው። ያም ሆኖ ዋጋው ያስደነግጥሻል። አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ መኪና ፈልጉ። መኪናው ሲገዛ 4.15 በመቶ ግብር አለው። ከተማው ደግሞ በየዓመቱ የመኪና ግብር ይልክልሻል። 4 ሺውን በሙሉ መኪናው ላይ ካፈሰሰው በሁለተኛው ወር አንቺን ነው የሚጠይቅ።

የታይትሉን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ። አሁን ሰው ይጠብቀኛል።

ዘሀራ ከጅዳ
እሙዬ፣ የጦሳ ልጅ ስለ አሜሪካ ግብር ያውራ። እኔ ስለ ባጃጁ ልንገርሽ። ከሰው ቤት ሠርቼ፣ ስንት ነገር ችዬ፣ ለታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ገዝቻለሁ። ሊብሬው በአጎቴ ስም ወጣ። «ልጅ ነው፣ አያውቅበትም» አሉኝ። ወንድሜ እየነዳ የቀን ገቢውን ለአጎቴ ያስረክብ ጀመር። በገዛ ባጃጁ ተቀጣሪ ሆነ! ጎማ ሲያልቅ፣ ሞተር ሲበላሽ ግን የሚደወለው ለኔ ነበር። እና ብር ከመላክሽ በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሚወጣ ጠይቂ። ወንድምሽ ከተቆጣ ነገሩ ገብቶሻል ማለት ነው።

የሐረጎ ጭጋግ (ሚኒያፖሊስ)
በግ አደለበ ስትሉ ልቤን ነካችሁት። እኛ ኮምቦልቻ ልጅ ሆነን በለስ ለቅመን ለሹፌሮች እንሸጥ ነበር። እጃችን እሾህ በእሾህ። በዚያች ሳንቲም ሳይክል በዙር እንከራያለን። ባለ ሳይክሉ ከኋላ እየሮጠ «ዙርህ አልቋል!» ይለን ነበር። የራሴ ሳይክል ይኖረኛል ብዬ በቆርቆሮ ያጠራቀምኩት እናቴ ለሰርግ ተበደረችኝ፣ እስከ ዛሬ አልመለሰችም። አላህ ያቆይልኝ። አሁን ትልቅ መኪና አለኝ፣ ግን በረዶ ነው የምነዳበት። ከደሴ በሐረጎ ሲወረድ፣ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት፣ ወያላው በመስኮት ወጥቶ «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» ሲል… ያ መንገድ አሁን እንዴት ነው? የሚያውቅ ካለ ጻፉልኝ። ዘንድሮ ለአረፋ ልሄድ ነበር፣ ቤተሰብ ጸጥታው አስተማማኝ አይደለም ብሎ አስቀረኝ።

ከድር
ወደ ብሩ እንመለስ። የወንድምሽ ልጅ ብልህ ነው፣ ባንክ አላስቀመጠም። የባንክ ወለድ መነሻው 7 በመቶ ነው፣ የዕቃ ዋጋ ግን ያንን ጥሎት ይሄዳል። ወለድ አልፈልግም ያለ ደግሞ ወለድ አልባው ሒሳብ ውስጥ ሲያስቀምጥ እሷንም አያገኝ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። በብር ይዞ የነበረ ልጅ ባጃጁ ከዓይኑ ሥር ሸሸችው። በግ ግን ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል።

ግን አሁን ባጃጅ ይግዛ ወይ? ቤንዚን ለመቅዳት ስንት ሰዓት ተሰልፎ። ሰልፉን ካልቻለ በጠርሙስ ከጥቁር ገበያ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪኩ እያዞረ ነው። መብራት ግን እንደምታውቁት ነው። እኔ ብሆን አንድ ዓመት እጠብቃለሁ፣ በጎቹን እጨምራለሁ።

እህቴ፣ ከላክሽ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ አትላኪ። ከጥር 2026 ጀምሮ ከአሜሪካ በካሽ ለሚላክ 1 በመቶ ይቆረጣል። ከባንክ ሒሳብሽ ወይም በካርድ ከሆነ አይነካሽም።

መምህሩ
ሁላችሁም ስለ ባጃጅ ዋጋ ታወራላችሁ። ልጁ 17 ነው! ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። እኔ ደሴ አስተምሬያለሁ። በየቀኑ ጥሬ ብር የሚቆጥር ልጅ ጠዋት ክፍል አይገባም። መጀመሪያ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይላል። ቀጥሎ ዓርብ ይቀራል። ከዚያ ደብተሩን ለታናሹ ይሰጣል። ደግሞ 18 ካልሞላው በራሱ ስም ውል አይዋዋልም። ስለዚህ የዘሀራ አጎት የሚመጣው በሕጉ በር ነው።

ዘሀራ ከጅዳ
መምህር፣ አክብሬዎት ነው፣ ተምሮስ? በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2015 12ኛ ክፍል ከተፈተነው ግማሽ ውጤት ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ የት ሄደ? ግማሹ እኔ ጋ መጥቷል፣ በጅቡቲ በየመን አድርጎ፣ በእግሩ። ባጃጅ ያለው ልጅ ባሕር አያቋርጥም።

መምህሩ
ልጄ፣ ፈተናው ከበደ ብለን ትምህርቱን እንተው? ባጃጅ የነበራቸውም ሸጠው ለደላላ ከፍለው ሲሄዱ አይቻለሁ።

ዘሀራ ከጅዳ
እርስዎ አሁን የት ነው ያሉት? ደሴ ነው ወይስ ውጭ? አይ፣ ለማወቅ ያህል።

መምህሩ
ካልጋሪ ነኝ። ምን ለማለት ነው?

የሐረጎ ጭጋግ
አብሽሩ፣ አብሽሩ። ሁለታችሁም የአንድ አገር ልጆች ናችሁ።

የጦሳ ልጅ
መምህሩ ልክ ነው። የኔ ልጅ መኪናውን በ17 ገዝቶ ማታ ማታ ምግብ ማድረስ ልጀምር አለኝ። እዚህ ከ18 በታች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መንዳት ክልክል ነው፣ ከሥራ ሲመለስ ወይም እንደዚያ ላለ የተፈቀደ ምክንያት ካልሆነ። የመጀመሪያውን ዓመት ከቤተሰብ ውጭ ከ21 በታች የሆነ ሰው ከአንድ በላይ አይጭንም። ጓደኞቹን ሁሉ ሲጭን ፖሊስ ያዘው…

ከድር
የጦሳ ልጅ፣ ታይትሉስ?

እሙ ሐያት
ስለ ምክሩ አላህ ይስጥልኝ። ዘሀራ፣ ያልሽኝን አደረግሁ፣ ግን ለወንድሜ ሳይሆን ለልጁ ደወልኩ። «አክስቴ፣ እኔ እኮ ባጃጅ አላልኩም» አለኝ። በጎቹን ለአረፋ ሊሸጥ ነው፣ 12ኛን እስኪፈተን ምንም አልገዛም ይላል። ባጃጁን የፈለገው አባቱ ነው። ሊብሬውንም በራሱ ስም ሊያወጣ። ልጁን ለፈተናው እንዲያነብበት የሶላር መብራት እገዛለታለሁ አልኩት፣ ደስ አለው። ወንድሜን ገና አላነጋገርኩትም፣ ይቆጣል።

ግን ወገኖቼ የኔ ልጅ ቅዳሜ መኪና ልናይ ነው ይላል። ታይትሉ በማን ስም ይሁን?

ከድር
በሁለታችሁ ስም አድርጉት፣ የእህቴ ልጅ እንደዚያ ነው ያደረገ።

የጦሳ ልጅ
በፍጹም! በአንቺ ብቻ ይሁን፣ 18 ሲሞላው ታዞሪለታለሽ። በሁለት ስም ካደረግሽው ስትሸጡ ሁለታችሁም መፈረም ሊኖርባችሁ ይችላል፣ ልጁ ኮሌጅ ርቆ ሲሄድ ፊርማ ፍለጋ ነው። ኢንሹራንስሽንም ጠይቂ፣ የእያንዳንዱ ድርጅት ይለያያል።

ከድር
ኮሌጅ ሲሄድ መኪናውንም ይዞ ነው የሚሄድ!

ወሎዬው ከስፕሪንግፊልድ
ከክርክሩ ውጭ ነኝ፣ ይቅርታ። 2012 ኮሮላ አለኝ፣ ኢንስፔክሽኑን (የቴክኒክ ምርመራውን) ያለፈ፣ የፊት ግራ በሩ ትንሽ ተጭሯል። ለእሙ ሐያት ልጅ እቀንስለታለሁ። ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ መጥቶ ይይ።

ዘሀራ ከጅዳ
ስንት ማይል ሄዷል? እሷ አትጠይቅም፣ እኔ ልጠይቅላት።