ትንንሾቹንና ትልልቆቹን ገጣሚዎች እንዴት ላስማማ?

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። አንድ እንግዳ ገጣሚ የኛን ልጆችና ከኮምቦልቻ የሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አንድ ላይ ግጥም እያጻፈ ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ችግሩ እሱ ጋ አይደለም።

የኛዎቹ ቤት ከመታ ግጥም ሆነ ይላሉ። አንዷ የደሴን ተራራ «ጦሳ» ብላ ጀመረችና ቤት እንዲመታላት አንበሳ አመጣች። ጦሳ ላይ አንበሳ! የዩኒቨርሲቲዎቹ ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ደብተሯን በክንዷ ሸፍና ነው የምትጽፈው። ሌሎቹም ጭጭ ብለዋል።

ገጣሚው የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምት አስተማራቸው፤ ስድስት ቀለም፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስድስት፣ በጭብጨባ። የኛዎቹ ወዲያው ገባቸው። መንዙማ እየሰማ ላደገ ልጅ ይሄ ምን ይከብዳል? ትልልቆቹ ግን «የልጅ ጨዋታ» ብለው ስልካቸውን ይነካካሉ። እነሱ የሚጽፉት ቤት የማይመታ ነው፣ አንዳንዱ እውነትም ያምራል።

ለየብቻ ላድርጋቸው ወይስ ሁለት ሁለት አድርጌ ላጣምራቸው? ባጣምር ማን ይጀምር? የመጨረሻው ንባብ ላይስ ማን ይቅደም? የኮምቦልቻዎቹ ሳይመሽ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ስላለባቸው ሰዓቱ አጭር ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።