የቺካጎ ቦይና ወራሪው ካርፕ፦ ይህ ሁሉ መሥሪያ ቤት ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቺካጎ ነው። ወራሪው ካርፕ የተባለው ዓሣ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ እንዳይገባ ስለሚደረገው ጥረት በተነገረ ቁጥር አንዴ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች፣ አንዴ የኢሊኖይ ግዛት፣ አንዴ ደግሞ የሚሺጋን ግዛት ስም ይነሣል። ሥራውን ለአንድ መሥሪያ ቤት ሰጥቶ ተጠያቂውም እርሱ ቢሆን አይሻልም ነበር? የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1
ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ዓሣው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ሲልቨር ካርፕና ቢግሄድ ካርፕ የተባሉት ሁለቱ የካርፕ ዝርያዎች ከእስያ ወደ ደቡባዊ ግዛቶች የመጡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእርባታ ኩሬዎችን ውኃ እንዲያጠሩ ነበር፤ አምልጠው ሚሲሲፒ ወንዝ ከገቡ በኋላ ወደ ሰሜን እየተባዙ የኢሊኖይን ወንዝ ያዙ። ይህን ወንዝ ከሐይቁ ጋር ያገናኘው ደግሞ በ1900 የተከፈተው የቺካጎ ቦይ ነው። በሮሚዮቪል የቦዩን ውኃ በኤሌክትሪክ እየነዘረ ዓሣውን የሚመልሰውን ማገጃ የሚያንቀሳቅሱት የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ናቸው፤ ከማገጃው በታች አስጋሪዎችን ቀጥሮ ካርፑን በመረብ የሚያሳሳው ኢሊኖይ ነው፤ ከውኃ ናሙና ላይ የካርፕ ዲኤንኤ የሚፈልገው ደግሞ የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። የማስገር ሕግ በግዛቱ፣ የመርከብ መተላለፊያው በፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ሥር ስለሆነ፣ አንዱ ብቻውን ቢነሣ ግማሹን ሥራ የመሥራት ሥልጣን የለውም።

መልስ 2
በዚህ ላይ የላምፕሬይን ታሪክ ልጨምር። ይህ በአፉ ተጣብቆ የሌላውን ዓሣ ደም የሚመጥ ፍጡር በካናዳ ባለው በዌላንድ ቦይ በኩል ወደ ላይኞቹ ታላላቅ ሐይቆች ዘልቆ ትራውት የተባለውን ዓሣ ስለጨረሰው፣ አሜሪካና ካናዳ በ1954 ተፈራርመው የጋራ የዓሣ ሀብት ኮሚሽን አቋቋሙ። እጮቹ በሚያድጉባቸው ጅረቶች ላይ እነርሱን ለይቶ የሚገድል መድኃኒት በመጨመር ቁጥሩን በ90 በመቶ ገደማ ቀንሰውታል። ሆኖም በኮቪድ ምክንያት ሥራው በ2020 እና በ2021 ሲቀዛቀዝ ላምፕሬዩ መልሶ በዛ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ትብብሩ አንድ ጊዜ ተፈርሞ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ በጀት የሚፈልግ ሥራ ነው።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማገጃው ካለ ታዲያ በጆሊየት አቅራቢያ ሌላ የሚገነባው ለምንድን ነው?

መልስ 3
የብረት የጭነት ጀልባዎች ሲያልፉ የኤሌክትሪኩ ኃይል ስለሚዳከም፣ ትናንሽ ዓሦች በጀልባዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ተወስደው ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ እርስዎ ባነሡት በጆሊየት አቅራቢያ ባለው ቦታ፣ በብራንደን ሮድ፣ ኤሌክትሪክ፣ የአየር አረፋና ድምፅ በአንድነት እንዲሠሩ ታቅዷል። ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ኢሊኖይ፣ ሚሺጋንና መሐንዲሶቹ የተስማሙት በ2024 ሲሆን፣ ግንባታው በኢሊኖይ መሬት ላይ ቢሆንም ሚሺጋን ገንዘብ አዋጥታለች፤ ሐይቁ ቢበላሽ ጉዳቱ የእርሷም ነውና ትክክል አድርጋለች እላለሁ። ዓሣ የምታጠምዱ ወገኖችም ለማጥመጃ የያዛችሁትን ሕያው ዓሣ ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው አትውሰዱ፤ የካርፕ ጫጩት ከተለመደው የማጥመጃ ዓሣ ጋር በቀላሉ ይምታታል።