«የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ» ማለት ምን ማለት ነው?

እህተ በርሚንግሃም፦
ትናንት ስለ በርሚንግሃም ካውንስል (የከተማችን አስተዳደር) ኪሳራ ስናወራ አንድ ወንድማችን «ለበርሚንግሃም ከተማ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚሰጠው ድጎማ ቢቆም ምን ያስለቅሳል? ያው የክፍለ ሀገር ኦርኬስትራ ነው፤ ቢዘጋም ክላሲካል ሙዚቃ ለንደን አለ» ብሎ ጽፎ አለፈ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ጠዋት ቤቴ ገብቼም እንቅልፍ አልወሰደኝም። እዚህ ከተማ 19 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ላይኛው ፎቅ ርካሽ ወንበር ይዤ ስንት ምሽት እንዳሳለፍኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ይህ ኦርኬስትራ እኮ ካውንስሉ 1919 ላይ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በዓመት 1,250 ፓውንድ መድቦለት በማግስቱ ዓመት ሥራ የጀመረ ነው። ኖቬምበር 1920 እንግሊዛዊው አቀናባሪ ኤልጋር ራሱ ፊቱ ቆሞ የቼሎ ኮንሰርቶውንና ሁለተኛ ሲምፎኒውን እየመራ አጫውቶታል። የከተማው ሰው ገና ከጦርነት ወጥቶ ከቀረጡ ቆርሶ ያቆመው ነው። ይህን «ያው የክፍለ ሀገር» ብሎ ማለፍ ምን ማለት ነው? የጻፍከው ሰው ና አስረዳኝ።

ለንደን ነዋሪ፦
እኔ ነኝ፣ አልደበቅም። እህቴ፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ከለንደን ውጪ ያለውን «ሪጅናል ኦርኬስትራ» ይሉታል። ተረጎምኩት እንጂ አልሰደብኩትም። ለንደን ውስጥ የለንደን ሲምፎኒ አለ፣ የለንደን ፊልሃርሞኒክ አለ፣ ፊልሃርሞኒያ አለ፣ ሮያል ፊልሃርሞኒክ አለ፣ የቢቢሲ ሲምፎኒ አለ። አንድ ከተማ ውስጥ አምስት! የበርሚንግሃሙ ደግሞ ታሪኩን ተመልከቺው። የኦርኬስትራ መሪው ራትል በ25 ዓመቱ መጣ፣ ስም አወጣ፣ በርሊን ገባ። ኔልሰንስ መጣ፣ ስም አወጣ፣ ቦስተንና ላይፕዚግ ወሰዱት። ሚርጋም መጣች፣ ሄደች። መሰላል ነው። መሰላል ጠቃሚ ዕቃ ነው፤ ግን መሰላል ላይ ቤት የሠራ ሰው አላየሁም።

ዘ ጋይንት፦
ልጄ፣ «ተረጎምኩት» ያልከውን እንይ። በእኛ አፍ ክፍለ ሀገር ማለት አዲስ አበባ ያልሆነ ሁሉ ነው። «ከክፍለ ሀገር የመጣ» ሲባል ምን እንደሚሰማ፣ ተብሎ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። እኔ ተብያለሁ። አንተ የተረጎምከው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ንቀቱንም ጨምረህ ነው።

ደግሞስ የዜማ ነገር ከመቼ ወዲህ ነው በዋና ከተማ የሚለካው? የድጓ ምስክር የት ነው? ቤተልሔም፣ ጋይንት። የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ። የቅዳሴው ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ። ቅኔ ያለ ሰው ዋሸራ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ ደብር የተሾመ መሪጌታ «ድጓ የት ተመሰከርክ?» ሲባል ቤተልሔም ካላለ ማን ይሰማዋል? ቤተልሔም መንገድ እንኳ አልነበራትም። የክፍለ ሀገር ድጓ ብሎ የናቃት ግን የለም።

ለንደን ነዋሪ፦
ጋሼ፣ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በእርስዎ ላይ አልነበረም። ግን ምሳሌው አይገጥምም። ቤተልሔም ሰው ወደ እሷ ይሄዳል። በርሚንግሃም ግን ሰው ከእሷ ይሄዳል። እኔ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ቫዮሊኒስቷ፦
እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ አማርኛዬ ቢሰባበር ታገሡኝ። ሰው ከእሷ ይሄዳል ላልከው፦ ራትል ከ1980 እስከ 1998 ቆየ። 18 ዓመት! መሰላል ላይ 18 ዓመት የሚቆም ማን ነው? ደግሞ የሊቨርፑል ልጅ ነው፤ ከለንደን አልመጣም። ሲምፎኒ ሆል 1991 ሲከፈት ከተማው እንዲህ ያለ አዳራሽ የሠራው ያ ኦርኬስትራ ስለነበረው ነው። ባቡር ከሥሩ ያልፋል፤ ሕንፃው ግን ጎማ ላይ ስለተቀመጠ አንዲት ንዝረት አትሰማም። ከመድረኩ በላይ ያለው ጣሪያ እንደ ሙዚቃው ይወጣል ይወርዳል፤ በግድግዳው ዙሪያ የኮንክሪት በሮች ያሏቸው ባዶ ክፍሎች አሉ፤ ማስተጋባቱ እንዲረዝም ሲፈለግ በሮቹ ይከፈታሉ። ከተማሪዎች ኦርኬስትራ ጋር አንዴ ተጫውቼበታለሁ፤ ከኋላ ረድፍ የቀስቴን ትንፋሽ ሰማሁት ያለኝ ሰው ነበር።

ለንደንስ? ራትል ለለንደን ሲምፎኒ አዲስ አዳራሽ ይሠራ ብሎ ተከራከረ፤ 288 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተው ዕቅድ 2021 ላይ ተሰረዘ። እሱም ያኔውኑ ወደ ሙኒክ እንደሚሄድ ተናግሮ ነበር። እንግዲህ ለንደንም መሰላል ናት?

ለንደን ነዋሪ፦
አዳራሽና ኦርኬስትራ ለየቅል ናቸው። አዳራሹን ማንም አልነካውም።

ቫዮሊኒስቷ፦
ለየቅል አይደሉም! ኦርኬስትራ ድምፁን የሚማረው ከአዳራሹ ነው። ዝግ ብለህ ብትጫወት እንደምትሰማ ካወቅክ ዝግ ማለትን አትፈራም። በደረቅ አዳራሽ የሚለማመድ ሰው ሁሌ ይገፋል፣ ይጮኻል። ይህንን ቫዮሊን የያዘ ሁሉ ይነግርሃል።

ቦስተን ማዶ፦
ስለ ኔልሰንስ ስለተነሣ ልግባ። 2014 እኛ ዘንድ ሲመጣ እናንተ ያሳደጋችሁት ልጅ ነበር፤ ለዚህ አመስግነናችኋል። ግን ለንደን ነዋሪ፣ በአንተ ስሌት እኛም የክፍለ ሀገር ነን። ቦስተን ዋሽንግተን አይደለችም፣ ኒው ዮርክም አይደለችም። ክሊቭላንድንስ ምን ልትላት ነው? ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ኦርኬስትራዋን ግን አሜሪካ ውስጥ ከአምስቱ ትልልቆች አንዱ ብሎ የማይቆጥር የለም። ላይፕዚግም የጀርመን ዋና ከተማ አይደለችም። ኔልሰንስ «ወጣ» ያልከው ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሁለት ክፍለ ሀገር ነው።

ለንደን ነዋሪ፦
አሜሪካና ጀርመን ሌላ ነው። እንግሊዝ ሁሉም ነገር ለንደን ላይ የተከመረባት አገር ናት። ጥሩ ነው አላልኩም፤ እውነቱ ግን ይህ ነው።

ዘ ጋይንት፦
ቅድም «ትርጉም ነው» አልክ። አሁን «እውነታው ነው» አልክ። የክፍለ ሀገር የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አላነሣህም።

ስሞል ሂዝ፦
ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። ስለ መሰላልና ስለ ድጓ ትከራከራላችሁ፤ እኔ የማየው ሌላ ነው። ይህ ካውንስል ሴፕቴምበር 2023 የኪሳራ ማስታወቂያ አወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 300 ሚሊዮን ፓውንድ እቀንሳለሁ አለ። 2024 ላይ የካውንስል ታክስ 9.99 በመቶ ጨመረ። ቤተ መጻሕፍት፣ የወጣቶች አገልግሎት፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ሁሉም ተነካ። የመንገድ መብራት እናደብዝዝ እስከማለት ደርሰዋል። በዚህ መሀል ለቫዮሊን ገንዘብ ይሰጥ የሚል ሰው እኔ ሰፈር በር አንኳኩቶ ይንገረን። በዚህ አዳራሽ በር ስንት ዓመት ተሳፋሪ ይዤ አለፍኩ፤ አንድ ቀን ገብቼ አላውቅም።

እህተ በርሚንግሃም፦
ወንድሜ፣ ብስጭትህ ይገባኛል፤ እኔም ያንኑ ታክስ እከፍላለሁ። ግን ቁጥሩን እንየው። ለኦርኬስትራው ይሰጥ የነበረው በዓመት ወደ 630 ሺህ ፓውንድ ነው። ከ300 ሚሊዮኑ አንጻር ሩብ ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። በመጀመሪያው ዓመት ግማሹን፣ በሁለተኛው ሙሉውን ነው የቆረጡት። ለኦርኬስትራው ብቻም አይደለም፤ ለባሌው፣ ለሬፕ ቴአትር፣ ለአይከን ጋለሪም ነው። ካውንስሉን ያከሰረው ኦርኬስትራው ነው? እስከ 760 ሚሊዮን ይደርሳል የተባለው የእኩል ክፍያ ዕዳና የተበላሸው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው እንጂ።

ስሞል ሂዝ፦
«የእኩል ክፍያ ዕዳ» አትበይው እባክሽ። ዕዳ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ወጥ ቤት የሠሩ፣ ያጸዱ፣ አረጋውያን የጦሩ ሴቶች ለዓመታት ያልተከፈላቸው ደመወዝ ነው። 2012 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው የተፈረደላቸው 174 ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የእኛ እናቶችና እህቶች የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ አይደል?

እህተ በርሚንግሃም፦
ልክ ነህ፤ ቃሉን አነሣለሁ። እኔም እንክብካቤ ቤት ነው የጀመርኩት። ጽዳት የሠራች ሴት ግን ደመወዟም አዳራሹም ይገባታል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን ጣዪ መባሏን ነው የማልቀበለው።

ለንደን ነዋሪ፦
አሁን ነገሩ ወደ ካውንስል ሄደ። ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ ይህ ኦርኬስትራ ነገ ባይኖር ክላሲካል ሙዚቃ ራሱ ምን ይጎድለዋል? ስሜት አይደለም፣ ሥራ ጥቀሱልኝ።

ቫዮሊኒስቷ፦
እጠቅሳለሁ። የእንግሊዛዊውን አቀናባሪ የብሪተንን የጦርነት ሙታን መታሰቢያ፣ ዋር ሪኩዊየምን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው ማን ነው? ይኸው ኦርኬስትራ፤ 30 ሜይ 1962፣ ከቦምብ ፍርስራሹ ጎን በተሠራው አዲሱ የኮቨንትሪ ካቴድራል ውስጥ። ለንደን አይደለም። ቫይንበርግ የሚባለውን ቤተሰቡ በናዚዎች ያለቀበትን አቀናባሪ ምዕራቡ ዓለም ስንት ዘመን ብዙም ሳይጫወተው ቆየ። ሚርጋ «ካዲሽ» የተባለውን 21ኛ ሲምፎኒውን ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር ቀረጸችው፤ ግራሞፎን መጽሔት 2020 ላይ የዓመቱ ምርጥ ቅጂ አለው። ቼሎ ተጫዋቹ ሼኩ ካነ ሜሰን የኖቲንግሃም ልጅ ነው፤ የመጀመሪያ አልበሙ ላይ የሾስታኮቪችን ኮንሰርቶ የተጫወተው ከእነሱ ጋር ነው። ሥራ ጥቀሱ አልክ፤ ይኸው።

ከአንተ ደግሞ አንድ ልጠይቅ። የኦርኬስትራ መሪው ባርቢሮሊ የለንደን ልጅ ሆኖ፣ የኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ መሪ ሆኖ፣ 1943 ጦርነት መሀል ባሕር ተሻግሮ ማንችስተር ገባ። ከሃሌ ኦርኬስትራም እስከሞተበት 1970 አልተለየም። ያ የትኛው መሰላል ነው? ወደ ታች የሚወጣበት ነው?

ለንደን ነዋሪ፦
አንድ ባርቢሮሊ። ያውም ሰማንያ ዓመት ያለፈው።

ቦስተን ማዶ፦
እኔ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ኤፕሪል 2024 እዚያው አዳራሽ አይደል ቴነሩ ቦስትሪጅ የብሪተንን ዘፈኖች እየዘፈነ መሀል ላይ አቁሞ ስልክ አትቅረጹ ያለው? በኋላ ሲታይ ኦርኬስትራው ራሱ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል ብሎ ፈቅዶ ነበር። ራሱን የሚያከብር ኦርኬስትራ ዘፋኙን እንዲህ ያጋልጣል? ድጎማ ሲቆም ሰው ለመሳብ ክብርን መሸጥ ይጀመራል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ዘ ጋይንት፦
በዚህ እስማማለሁ። አሁን ማኅሌት ላይ እንኳ ጽናጽል ከያዘው ይልቅ ስልክ የያዘው በዝቷል። የሚሰማ ጠፍቶ ሁሉ ቀራጭ ሆነ።

ስሞል ሂዝ፦
እኔ ግን አልስማማም። ልጄ የሼኩን ቼሎ መጀመሪያ ያየችው በስልክ ነው። «አባ፣ ይህን የት ይማራሉ?» ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ክብሩ እኔን ከበር የሚያስቀር ከሆነ ለማን ነው የሚከበረው?

ቫዮሊኒስቷ፦
እንደ ተጫዋች ልንገራችሁ። ጨለማ ውስጥ አንድ ስልክ ሲበራ ዓይንህ ያለፈቃድህ ወደዚያ ይሄዳል፤ ቦስትሪጅ እውነቱን ነው። ኦርኬስትራውም ምክሩን አስተካክሏል፤ ጭብጨባ ላይ ቅረጹ ብሏል። በቃ ይህ ይበቃል። ግን አንድ የተሳሳተ መመሪያ ይዞ ክብር ሸጠ ማለት ግፍ ነው። እነዚሁ ሰዎች ናቸው 2023 ዌስት ብሮምዊች ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት አብረው ያቋቋሙት። ክፍያ የለውም። ስሞል ሂዝ፣ ልጅህ «የት ይማራሉ?» ላለችው አንዱ መልስ እሱ ነው።

ስሞል ሂዝ፦
ይህን አላወቅኩም ነበር። አየዋለሁ።

ለንደን ነዋሪ፦
ትምህርት ቤቱን አልቃወምም፤ ጥሩ ሥራ ነው። ግን ትምህርት ቤት ማቋቋም የኦርኬስትራን ደረጃ አይለውጠውም። አሁንም የምለው ሪጅናል ነው።

እህተ በርሚንግሃም፦
«ሪጅናል» አልክ እንግዲህ። «የክፍለ ሀገር» የሚለውን ተውከው ማለት ነው?

ለንደን ነዋሪ፦
ለጋሼ ብዬ ተውኩት እንጂ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ዘ ጋይንት፦
ለእኔ ብለህ አትተው። ስህተት መሆኑን ካመንክ ተው፤ ካላመንክ ያዘውና እንከራከር። ገና አላለቀም።

ስሞል ሂዝ፦
እኔ ጥያቄዬን የመለሰልኝ የለም። 630 ሺው ቀርቷል። ከየት ይሙሉት?

ቦስተን ማዶ፦
እኛ ጋ እንደሚደረገው ከባለሀብቶች ይለምኑ፣ ትኬትም ይጨምሩ።

ስሞል ሂዝ፦
ትኬት ከጨመረማ እኔ አሁንም በር ላይ ነኝ።