«በዓይነ ቁራኛ ተከታትሎ እጅ ከፍንጅ ያዘው» ይባላል?

ፊደል ለቃሚ፦ አንድ የፖሊስ መግለጫ «ተጠርጣሪውን ለሁለት ሳምንት በዓይነ ቁራኛ ተከታትሎ እጅ ከፍንጅ ያዘው» ይላል። እጅ ከፍንጅ ድንገት መያዝ አይደለም እንዴ? «ፍንጅ»ስ ምንድን ነው?

ቅኔ ዘራፊ፦ ዓይነ ቁራኛ የቁራ ዓይን ነው። ቁራ ከሩቅ ያያል።

የኔታ ዘጎንጅ፦ አይደለም። ቁራ በግዕዝ ቋዕ ነው፤ «ዓይነ ቋዕ» ያለ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ደግሞስ የቁራ መልእክተኛን ለክትትል የሚልክ ፖሊስ ወዮለት። ቁራኛ ከተቆራኘ ነው፤ ዱሮ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። ዓይነ ቁራኛ ማለት ያለ ቋጠሮ፣ በዓይን መታሰር ነው።

ቅኔ ዘራፊ፦ የኔታ፣ ይቅርታዎን፤ «ኘ» የግዕዝ ፊደል አይደለችም። ሥሩ «ቀርን» ቢሆንስ? በሬዎች ቀንድ ለቀንድ ሲታሰሩ...

የኔታ ዘጎንጅ፦ ቀንድ? ቅኔ ቤት ስንት ቀን ነው የቆየኸው?

ነገረ ፈጅ፦ ወደ ጥያቄው። ሕጉ ድንገተኛነት አይጠይቅም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 19 ሲፈጽም፣ ሲሞክር ወይም ፈጽሞ ወዲያው የተያዘ እጅ ከፍንጅ ነው። «ያዘው! ያዘው!» እየተባለ የተባረረውም በዚያው ቁጥር 19 ንዑስ ቁጥር 2 ይገባል። ቅጣቱ ከ3 ወር ቀላል እስራት የማያንስ ከሆነ ፖሊስም ማንም ሰውም ያለ ማዘዣ መያዝ ይችላል፤ ከዚያ ፍርድ ቤት የማቅረቢያው የ48 ሰዓት ቆጠራ ይጀምራል።

ሁለት ሳምንቱ የሚያስቸግረው ብርበራው ላይ ነው። ያለ ማዘዣ ቤት የገባ መርማሪ አንዱ ማምለጫው «ማዘዣ እስካወጣ ዕቃው ይሸሽ ነበር» ማለት ነው፤ ያውም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል። አሥራ አራት ቀን በሩን ሲጠብቅ ከርሞ ይህን ቢል ተከላካይ ጠበቃው ይስቅበታል። ሌላው የደረጃ ምስክር ነው፤ ብርበራውን በቦታው ቆሞ የሚያይ ማለት ነው። ዕቃው ከአልጋ ሥር ከወጣ በኋላ ጎረቤት ተጠርቶ ዝርዝሩ ላይ ይፈርማል፤ ችሎት ሲቀርብ «ጠረጴዛ ላይ ነው ያየሁት፣ ከየት እንደወጣ አላውቅም» ይላል። መጠራት ያለበት በሩ ሳይከፈት ነው።

የኔታ ዘጎንጅ፦ መልካም፤ ግን ለሁለት ሳምንት ያልተያዘ ሰው ቁራኛ አይባልም። «በስውር ተከታትሎ» ይበሉ። ቁራኛ መቆራኘቱን ያውቃል።

ነገረ ፈጅ፦ «በዓይን» የተባለው ላያውቅ ስለሚችል አይደል?

የኔታ ዘጎንጅ፦ አይደለም።

ፊደል ለቃሚ፦ «ፍንጅ»ስ? ከፍንጭ ጋር አንድ ነው?

ቅኔ ዘራፊ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ከቁራኛው እንፈታ። ቀንዱን ገና አልተውኩም።