ክርክር፦ ኬኔዲን ትልቅ ያደረገው ሥራው ነው ወይስ አሟሟቱ?

የፒያሳ ልጅ፦
በሉ እስቲ ዛሬ ደግሞ ኬኔዲን እናንሳ። ሰውዬው ዋይት ሃውስ የቆየው ከጃንዋሪ 1961 እስከ ኖቬምበር 1963 ነው። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። የጀመረውን የሲቪል መብት ሕግ ዳር ያደረሰው ምክትሉና ተተኪው ጆንሰን ነው። ሰው ጨረቃን ሲረግጥ ወንበሩ ላይ የነበረው ኒክሰን ነው። አሜሪካኖች ግን ዛሬም ከምርጦቹ ተርታ ያሰልፉታል። እኔ ዳላስ ላይ ባይገደል ኖሮ ፀጉሩ የሚያምረው ፕሬዚዳንት ተብሎ ይረሳ ነበር ባይ ነኝ። አይደለም የሚል በማስረጃ ይምጣ።

ታሪክ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ኦክቶበር 1962ን በምን ሒሳብ ዘለልካት? ሶቪየት ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳይል ስትተክል በአየር ፎቶ ተያዘች። ጄኔራሎቹ፣ በተለይ የአየር ኃይሉ ከርቲስ ሌሜይ፣ አሁኑኑ እንደብድብ አሉ። ኬኔዲ እምቢ አለ። ደሴቲቱን በመርከብ ዘጋና ለሶቪየቱ መሪ ለክሩሽቼቭ ማሰቢያ ጊዜ ሰጠው። በኋላ እንደታወቀው ኩባ ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደር ነበር። ለጦር ሜዳ የሚሆን ኑክሌርም ነበራቸው። ዋሽንግተን ይህን አታውቅም ነበር። የሌሜይን ምክር ቢሰማ ምን ይመጣ እንደነበር አንተው ገምት።

ይሄን ጥንቃቄ ከየት አመጣው ካልክ ከሽንፈት ነው። በኤፕሪል 1961 ሲአይኤ ያሰለጠናቸው 1,400 ገደማ የኩባ ስደተኞች ካስትሮን ሊጥሉ ቤይ ኦፍ ፒግስ የሚባል የኩባ ዳርቻ ላይ ወረዱ፤ በሦስት ቀን አለቀላቸው፤ አብዛኞቹ ተማረኩ። ያውም ባለሙያ ነን ባዮቹ ይሳካል ያሉት ዕቅድ ነው። ከዚያ ወዲያ ትከሻው ላይ ኮከብ የደረደረ ሁሉ ያለውን ዝም ብሎ አይቀበልም ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
ጥሩ፣ ኦክቶበርን እንያት። ግን እስከ መጨረሻው እንያት። ኦክቶበር 27 ማታ ወንድሙ ሮበርት የሶቪየቱን አምባሳደር ዶብሪኒንን ለብቻው አገኘው። እናንተ ከኩባ ካነሳችሁ እኛም ቱርክ ያሉትን ጁፒተር የሚባሉ ሚሳይሎቻችንን እናነሳለን፣ ነገሩ ግን በሚስጥር ይያዝ አለው። እውነትም በ1963 ጸደይ ተነሱ። ለሕዝቡ የተነገረው ሌላ ነው። ኬኔዲ ፍንክች አላለም፣ ክሩሽቼቭ ፈርቶ ወደኋላ አለ ተባለ። ምክትሉ ጆንሰን እንኳ ሚስጥሩን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች መሀል አልነበረም።

እኔን የሚቆጨኝ ድርድሩ አይደለም። ድርድሩማ ግሩም ነው። የሚቆጨኝ መደበቁ ነው። ተተኪው ከኮሚኒስት ጋር የሚያዋጣው ድርቅ ማለት ነው የሚል ትምህርት ይዞ ቬትናም ገባ። እውነቱ በይፋ የወጣው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ 58 ሺህ አሜሪካዊ አልቋል፤ ያለቀው ቬትናማዊማ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
ይፋ ቢያደርገውስ? ቱርክ የኔቶ አባል ናት። ሳላማክርሽ ሸጥኩሽ ሊላት ነው? የኮንግረስ ምርጫም ደጅ ላይ ነበር። ፖለቲካ እኮ ነው፣ ንስሐ አይደለም።

ነርሷ፦
መደበቅ ካነሳችሁ እኔም ልግባ። ኬኔዲ አዲሰን የሚባል የአድሬናል ዕጢ ሕመም ነበረበት። የሚኖረው በመድኃኒት ነው። በ1960 ዘመቻ ላይ ሰዎቹ ሲጠየቁ ሽምጥጥ አድርገው ካዱ። ተፎካካሪውን ኒክሰንን የበለጠው ደግሞ ከ68 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ውስጥ በ112 ሺህ ገደማ ብቻ ነው። መራጩ ሕመሙን ቢያውቅ ኖሮ እንጃ! ቢሆንም በሙያዬ ሳየው ሰውዬው ያስገርመኛል። ዳላስ ላይ እንኳ ልብሱ ስር የወገብ መደገፊያ ታጥቆ ነበር። እንዲህ እያመመው ነው እነዚያን የኩባ ቀውስ 13 ቀናት በእርጋታ ያለፈው።

ዲሲዋ፦
እኔ የምንከባከባቸው ጥቁር አሜሪካዊ እናት ሳሎን ውስጥ ሦስት ፎቶ ተሰቅሏል። ኢየሱስ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ እና ኬኔዲ። የጆንሰን የለም። ሕጉን የፈረመው እሱ አይደል እንዴ ብላቸው፣ «መፈረሙን አውቃለሁ፣ ይሄኛው ግን በቴሌቪዥን ስለ እኛ ሲናገር ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። ስለ ሲቪል መብት የተናገረውን የጁን 11 ቀን 1963ቱን ንግግር ማለታቸው ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
እህቴ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኤፍቢአይ የኪንግን ስልክ እንዲጠልፍ የፈቀደው ማን ይመስልሻል? ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ፣ ያው ወንድሙ ሮበርት። ኬኔዲ ራሱ ሲወዳደር የመኖሪያ ቤት አድልዎን በአንድ የብዕር ጭረት አስቀራለሁ ብሎ ነበር። ከተመረጠ በኋላ ጭጭ አለ። ሰዉ ብዕሩ ጠፍቶብህ ከሆነ ብሎ በፖስታ ብዕር ይልክለት ጀመር። ትዕዛዙን የፈረመው ኖቬምበር 1962 ላይ ነው።

ፎቶው የተሰቀለበትንም ምክንያት እንነጋገር ከተባለ፣ ባለቤቱ ጃክሊን በተገደለ በሳምንቱ የላይፍ መጽሔትን ጋዜጠኛ ጠርታ ዘመኑን በተረት ከሚታወቀው የእንግሊዝ ንጉሥ አርተር ቤተ መንግሥት ጋር አመሳስላዋለች። ዛሬ ድረስ የምንሰማው ተረት የተጀመረው እዚያ ነው።

ጎንደሬው ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ያነበባችሁትን እኔ ደርሼበታለሁ። በ1955 ዓ.ም. መስከረም ከ200 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ መምህራን አገራችን ገቡ። ጓዱን ያቋቋመው ኬኔዲ ነው። ሒሳብ ያስተማረኝ አንዱ ነበር። ጫማው ሁሌ ጭቃ የነካው ቀጭን ልጅ፤ አማርኛ ሲሞክር ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ኬኔዲ የተገደለው በእኛ ህዳር 12 ቀን 1956፣ የህዳር ሚካኤል ዕለት፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ተኩል ነው። መምህራችን ሰኞ ክፍል ገባ፣ ጠመኔውን ይዞ ቆመ፣ ሳያስተምረን ወጣ። ጃንሆይም ኦክቶበር ላይ ዋሽንግተን ሄደው ኬኔዲና ባለቤቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ወጥተው ተቀብለዋቸው ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብር ተመለሱ። ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደ ጎል ጋር ሬሳውን ተከትለው በእግራቸው ሄዱ። ስድስት ኪሎ ያለው ኬኔዲ ላይብረሪም በስሙ ነው። እኔ ውለታ አለብኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
ጋሼ፣ ውለታዎን አልነካም። መምህርዎም እግዜር ይስጣቸው። ግን ያው መንግሥት ጎንደር መምህር ሲልክ፣ አስመራ ቃኘው ሰፈር በሚባለው የአሜሪካ ወታደራዊ የመገናኛ ጣቢያ ላይ ደግሞ ጆሮውን ተክሎ ሶቪየትን ያዳምጥ ነበር። ቃኘው ከኬኔዲ በፊት የነበረ ነው፤ ይሁንና ሁለቱም የአንድ ፉክክር ሥራ ናቸው።

ጎንደሬው ጡረተኛ፦
ይሁን። እኔን ያስተማረኝ ግን ቃኘው አይደለም።

ታሪክ ወዳድ፦
😂 ጋሼ ጨረሱት። እኔ ወደ ቬትናም ልመለስ። ኬኔዲ ሲገባ እዚያ ከ1,000 በታች አማካሪ ነበር፤ ሲሞት 16 ሺህ ደርሷል። ይሄ የእኔን ወገን አይረዳም፣ አልደብቅም። ግን በኦክቶበር 1963 አንድ ሺው እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይውጣ ብሎ ወስኗል። ቢኖር ጦርነቱ እንደዚያ አይሰፋም ነበር።

የፒያሳ ልጅ፦
በዚያው ሰሞን የራሱ ወዳጅ የነበረውን የደቡብ ቬትናሙን መሪ ዲየምን ጄኔራሎቹ ሊገለብጡ ሲዶልቱ አሜሪካ አውቃ አይዟችሁ ብላለች። ዲየም ኖቬምበር 2 ተገደለ። አገር ያለ መሪ ካስቀረህ በኋላ እንዴት ጥለህ ትወጣለህ?

ዲሲዋ፦
ሺው ወጣ እንበል። ቀሪው 15 ሺህስ? ታሪክ ወዳድ፣ እሱን መልስልኝ።